አምስት ተማሪዎች፣ አንድ መሣሪያ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመመረቂያ ፕሮጀክትን በቡድን የመሥራት መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማማክረው አንድ ቡድን ሥራውን ለፈታኞች ሊያቀርብ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብሬያቸው አመሸሁ። የሙቀት መለኪያው በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ያለ እንከን ይለካል። የሞባይል መልእክት መላኪያው በሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለ እንከን ይልካል። ባትሪውና ቻርጀሩም ደህና ናቸው። ሦስቱ ሲገናኙ ግን መሣሪያው መልእክት ሊልክ በሞከረ ቁጥር ይጠፋና እንደገና ይነሣል። እያንዳንዱ ተማሪ «የእኔ ክፍል ይሠራል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የተበላሸው ማንም «የእኔ» ያላለው ቦታ ነበር፤ ክፍሎቹ የሚገናኙበት።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለማማክራቸው ቡድኖች ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሜ እነግራለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት በአብዛኛው የሚሰናከለው ክፍልና ክፍል፣ ሰውና ሰው በሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ጉልበታችሁን አስቀድማችሁ እዚያ ላይ አውሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ምሳሌዬም ያው የእነዚያ ልጆች ሥራ ነው፦ በጤና ጣቢያ ያለውን የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት እየተከታተለ፣ ከሚገባው ሲያልፍ ለባለሙያዋ በሞባይል መልእክት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ። በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የሚበቃ ሥራ ነው።

1. ከርዕስ በፊት ሰው ፈልጉ

ብዙ ቡድን ርዕስ የሚፈልገው ካለፉት ዓመታት የፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ ነው። አለዚያም በእጁ ካለው ዕቃ ይነሣና «በአርዱይኖ ምን እንሥራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አርዱይኖ በፕሮግራም የሚታዘዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። እኔ ከሰው ጀምሩ እላለሁ። ችግሩን በየቀኑ የሚጋፈጥ፣ ሄዳችሁ ልታገኙት የምትችሉት አንድ ሰው ይኑር፦ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ከሥራው አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሁላችሁም ሂዱ። አንዱ ሰምቶ ለአራቱ ሲነግር በመንገድ የሚቀረው ብዙ ነው።

የክትባት ማቀዝቀዣውን የመረጡት ተማሪዎች ሲሄዱ በአእምሯቸው የነበረው «መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፤ ሲሞቅ እናስጠንቅቅ» የሚል ነበር። የክትባት ክፍሉ ነርስ ሌላ ነገር አስረዳቻቸው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ እንደ ፔንታቫለንትና ሔፓታይተስ ቢ ያሉት ግን ለጥቂት ጊዜ ከመሞቅ ይልቅ በረዶ መሥራት ይጎዳቸዋል፤ አንዴ በረዶ ከሠሩ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ወደ ላይም ወደ ታችም መሆን ነበረበት። ሙቀቱ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ በቅጽ ላይ ይመዘገባል፤ በመካከል ያለውን ሌሊት ግን ማንም አያየውም። የክፍሉ ቁልፍ ሌሊት የሚገኘው ከጥበቃው እጅ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱ ለሁለት ሰው መድረስ አለበት። ጥበቃው የሚይዘው ተራ ስልክ ነው፤ የሚያነበውም አማርኛ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ተማሪዎቹ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ሊያገኙት አይችሉም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ፕሮጀክት ሠርቶ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። አትግዙ። ለዓመታት ሰርኪትን ለብቻው፣ ፕሮግራምን ለብቻው፣ ኮሙኒኬሽንን ለብቻው ተምራችኋል። እነዚህ ትምህርቶች በእጃችሁ ላይ አንድ የሚሆኑበት ዕድል ይህ ነው። የሸጠላችሁ ሰው የወሰደው ገንዘባችሁን ብቻ አይደለም፤ ይህን ዕድልም ጭምር ነው።

2. ፍላጎቱን በቁጥር ጻፉ

«መሣሪያው ሙቀትን በትክክል ይለካል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለመሐንዲስ ምንም አይናገርም። ምን ያህል ትክክል? በየስንት ደቂቃው? ከጉብኝቱ በተመለሳችሁ በሁለት ቀን ውስጥ፣ የሰማችሁት ገና ሳይቀዘቅዝ፣ እያንዳንዱን ፍላጎት ወደ ቁጥር ለውጡ። የምሳሌያችን ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር።

የመለኪያው ስሕተት በ0 እና በ10 ዲግሪ መካከል ከ0.5 ዲግሪ አይበልጥም። በየ5 ደቂቃው ይለካል። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ አልፎ 30 ደቂቃ ከቆየ የመጀመሪያ ማሳሰቢያ፣ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት ከቆየ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ደርሶ 60 ደቂቃ ከቆየም እንዲሁ ከባድ ማስጠንቀቂያ ይልካል። መብራት ሳይኖር 48 ሰዓት ይሠራል። መልእክቱ በአማርኛ፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የ10 ሰዓቱና የ60 ደቂቃው ገደብ ተማሪዎቹ የፈጠሩት አይደለም፤ ለክትባት ማቀዝቀዣ የተፈቀዱ የሙቀት መዝጋቢዎች የሚጠቀሙበት ነው። የ30 ደቂቃውን ግን ራሳቸው ጨመሩት፤ ምክንያታቸውም ነርሷ ክትባት ልታወጣ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ለአጭር ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ለዚያ ሁሉ መልእክት ከተላከ ሰው መልእክቱን ማንበብ ይተዋል የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ምክንያት ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉት። ከሦስት ወር በኋላ ፈታኝ ሲጠይቃችሁ እናንተም ትረሱታላችሁ።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ይህን እንዴት እንፈትነዋለን?» የሚል አንድ መስመር ይኑር። መፈተኛውን መጻፍ ካቃታችሁ ቁጥሩን ገና አልተረዳችሁትም ማለት ነው። በመጨረሻም መሣሪያው የማይሠራውን ዘርዝሩ፦ ማቀዝቀዣውን አይቆጣጠርም፤ የጤና ጣቢያውን ቴርሞሜትርና መዝጋቢ አይተካም፤ ከጎናቸው ይቀመጣል እንጂ። የተማሪ ሥራ በሰው ጤና ላይ ብቸኛ ዘብ ሊሆን አይገባም።

3. መገናኛዎቹን ከክፍሎቹ በፊት ንደፉ

ጊዜያችሁን አጥብቃችሁ የምታውሉት እዚህ ነው።

መጀመሪያ በአንድ ገጽ ላይ ሣጥኖች ሣሉ፦ የኃይል ምንጭና ባትሪ፣ የሙቀት ሴንሰር፣ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ የመልእክት ሞጁል፣ ማሳያና መዝጋቢ። ሣጥኖቹን በመስመር አገናኙ። ይህን ሥዕል ሁሉም ቡድን ይሠራዋል፤ በዚያው ያቆማል። እናንተ ግን ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ገጽ ክፈቱ። በገጹ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦ ቮልቴጁ ስንት ነው፤ አማካይ ጅረቱ ስንት፣ ከፍተኛው ስንት፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ ማገናኛው ምን ዓይነት ነው፤ የእግሮቹ ቅደም ተከተልና የሽቦዎቹ ቀለም፤ የሚተላለፈው መረጃ ቅርጹ ምንድን ነው፤ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን። ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርሙበት።

በመጀመሪያ የነገርኳችሁ ሌሊት የተፈጠረውን በዚህ ዓይን እንየው። ቡድኑ የተጠቀመው ሲም800ኤል የሚባለውን ሞጁል ነበር። ይህ ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ብቻ ይፈልጋል። አማካይ ፍጆታው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከሞባይል ማማው ጋር ሲነጋገር በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል እስከ 2 አምፔር ይስባል። የኃይል ምንጩን የሠራው ተማሪ በመልቲሜትር የለካው አማካዩን ነው። መልቲሜትር ደግሞ እንዲህ ያለ ፈጣን ነገር አያሳይም፤ የቮልቴጅን ፈጣን ለውጥ በሥዕል የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል። ሞጁሉ 2 አምፔር ሊስብ ሲል ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሞጁሉ ይጠፋል፣ አብሮም ማይክሮኮንትሮለሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ለሞጁሉ ለብቻው 2 አምፔር የሚችል የ4 ቮልት ምንጭ፣ ከእግሩ አጠገብ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ፣ የሁሉም ግራውንድ አንድ ላይ። በመገናኛው ገጽ ላይ «ከፍተኛው ጅረት፦ 2 አምፔር» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ያ ሌሊት በእንቅልፍ ያልፍ ነበር።

በዚያው መስመር ላይ ሌላም የተደበቀ አለ። አርዱይኖ ኡኖ የሚናገረው በ5 ቮልት ነው፤ ሞጁሉ የሚሰማው ደግሞ በ2.8 ቮልት ገደማ። በቀጥታ ብታገናኟቸው ለጥቂት ቀን ሊሠራ ይችላል፤ እየሠራም ሞጁሉን ይጎዳል። በሁለት ሬዚስተር ከፍላችሁ ቮልቴጁን አሳንሱት።

መገናኛ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ የቁጥር ትርጉምም መገናኛ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ፣ 85 ዲግሪ ብሎ ይመልሳል። ሽቦው ከተቆረጠ ደግሞ በአርዱይኖ የተለመደው ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ) ከዜሮ በታች 127 ብሎ ይሰጣል። የሴንሰሩ ባለቤት ይህን ያውቃል። የመልእክቱን ፕሮግራም የሚጽፈው ካላወቀ ግን ነርሷን በሌሊት ቀስቅሶ «ማቀዝቀዣው 85 ዲግሪ ደርሷል» ይላታል። ሁለተኛ ጊዜ አታምነውም። ስለዚህ በገጹ ላይ «85 እና ከዜሮ በታች 127 ሙቀት አይደሉም፤ የሴንሰር ብልሽት ተብለው ይተላለፉ» ተብሎ ይጻፍ።

4. ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ነገር ግን ማንም ብቻውን አይቁም

ደቦ የወጣ ገበሬ የትኛው ትልም የእርሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ጎረቤቱ ሲዘገይም ያያል። የቡድን ፕሮጀክትም እንዲሁ ይከፈል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ባለቤትና አንድ ምክትል ይኑረው። ባለቤቱ ይሠራል፤ ምክትሉ ይፈትናል፣ ባለቤቱ ሲታመም ይቀጥላል። የራሱን ሥራ የሚፈትን ሰው የሚፈትነው እንደሚሠራ የሚያውቀውን ነገር ነው፤ ስለዚህ ፈተናውን ለሌላ ስጡት። አንድ ሰው ደግሞ የመገናኛዎቹ ሁሉ ኃላፊ ይሁን፤ ገጾቹን ይይዛል፣ ለውጥ ሲኖር ሁሉም እንዲያውቅ ያደርጋል።

«ሪፖርት ጻፊ» የሚባል የሥራ ድርሻ አትፍጠሩ። ሁሉም የራሱን ክፍል ራሱ ይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ በቡድኑ ውስጥ ሴት ተማሪ ካለች ሪፖርቱና የገለጻው ስላይድ ለእርሷ፣ ሽቦውና መበየጃው ለወንዶቹ ሲሰጥ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። አምስት ዓመት እኩል የተማረችውን ሙያ በመጨረሻው ሴሚስተር እንደ መንጠቅ ነው። ኦሲሎስኮፑ በሁሉም እጅ ይዙር።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ተሰብሰቡ። ቃለ ጉባኤው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራል፣ እስከ መቼ። በቴሌግራም የተወሰነ ውሳኔ በመልእክት ብዛት ስር ተቀብሮ ይቀራል፤ የተወሰነውን ወደ ቃለ ጉባኤው ገልብጡ። ፕሮግራሙንና ሥዕሎቹን በጊት (እያንዳንዱን ለውጥ መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) አስቀምጡ። ጊት ካልለመዳችሁ ቢያንስ በየሳምንቱ ቀን የተጻፈበት ቅጂ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑራችሁ። ፍላሽ ብቻ ላይ የተቀመጠ ሥራ በአንድ ቫይረስ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ የተማሪዎቹን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

አባል ሲጠፋስ? በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁሉም ፍቅር ላይ ሳለ፣ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ ሁለት ተከታታይ ስብሰባ የቀረ ሰው ምን ይደረጋል? በቅድሚያ ሁለት ሰዎች ሄደው ለብቻው ያነጋግሩት። የቤተሰብ ችግር፣ ሕመም ወይም የገንዘብ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ካልተመለሰ ለአማካሪያችሁ በዚያው ሳምንት ንገሩ። በመጨረሻው ሳምንት «እርሱ አልሠራም» ማለት ለእርሱም ለእናንተም አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ እኔም ልረዳችሁ የምችልበት መንገድ የለኝም።

5. ጊዜውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

የማቅረቢያውን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ሂዱ። ለ16 ሳምንት ሴሚስተር እኔ የምመክረው ይህ ነው፦ እስከ 2ኛው ሳምንት ጉብኝቱና የቁጥር ዝርዝሩ፤ በ3ኛው የመገናኛ ገጾቹ፤ እስከ 5ኛው ቀጥሎ የምነግራችሁ ቀጭን ክር፤ እስከ 10ኛው እያንዳንዱ ክፍል በብሬድቦርድ (ዕቃ ያለ ብየዳ በሚሰካበት መሞከሪያ ገበታ) ላይ ተፈትኖ ወደ ታተመ የሰርኪት ሰሌዳ ይዛወር፤ ከ12ኛው በኋላ አዲስ ነገር መጨመር ክልክል፤ 13ኛውና 14ኛው ለፈተና፤ የቀረው ለሪፖርቱና ለገለጻው። በዓላትን፣ የሌሎች ትምህርቶችን ፈተናና መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት አስቀድማችሁ ከቁጥሩ አውጡ። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ በድንገት አይመጡም፤ ቀናቸው ይታወቃል።

ግዢ በመጀመሪያው ወር ይለቅ። መርካቶ የማይገኝ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ንድፋችሁን እዚህ በሚገኝ ዕቃ ላይ መሥርቱ። ርካሽና ተሰባሪ የሆነውን ሁሉ ሁለት ሁለት ግዙ። ዲኤስ18ቢ20 ተብሎ በመላው ዓለም የሚሸጠው ብዙው አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ስሙን አምናችሁ ከዝርዝሩ ላይ ትክክለኛነቱን አትቅዱ፤ ለኩት። የገዛችሁትን በዚያው ቀን ፈትኑ፤ ደረሰኙን ያዙ።

6. መጀመሪያ ቀጭን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርጉ

በ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ሴንሰሩ ለክቶ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ወስኖ፣ ሞጁሉ አንድ መልእክት ወደ አንድ ስልክ ይላክ። የሚያምር መሆን የለበትም። ሽቦው ይዝረክረክ፤ ባትሪ አይኑረው፤ ቁጥሩም በፕሮግራሙ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ይሁን። ዓላማው በመጨረሻው ሌሊት የሚመጣውን ችግር በ5ኛው ሳምንት ማምጣት ነው።

በሌላ ዓመት አንድ ቡድን በዚህ ክር ያገኘውን ልንገራችሁ። መልእክቱን በእንግሊዝኛ ሲልኩ ይደርሳል፤ በአማርኛ ሲልኩ ግን በስልኩ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይደረደራል። ምክንያቱ የአጭር መልእክት መደበኛው ባለ 7 ቢት ኮድ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሞጁሉን ዩሲኤስ2 ወደሚባለው ኮድ መለወጥና እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ባይት መላክ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን አንድ መልእክት የሚይዘው 160 ፊደል መሆኑ ይቀርና 70 ይሆናል። ስለዚህ ፊደላቱን መቁጠር ግድ ሆነ። «የክትባት ማቀዝቀዣ ሙቀት 9.5 ዲግሪ ደርሷል። ከሌሊቱ 8፡10» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 39 ነው፤ ይበቃል። ሰዓቱንም ፕሮግራሙ 6 ሰዓት ቀንሶ፣ ሌሊት ወይም ቀን መሆኑን ለይቶ መጻፍ ነበረበት። ይህ ሁሉ በ5ኛው ሳምንት ሲታወቅ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ክሩ ከሠራ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ባትሪውን ጨምሩ፤ ፈትኑ። ማሳያውን ጨምሩ፤ ፈትኑ። ሁለት ነገር አብራችሁ ለውጣችሁ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸ ለማወቅ የምታጠፉት ጊዜ ከቆጠባችሁት ይበልጣል። ሰሌዳውን የምታሠሩት ክሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ ብቻ ነው።

ስለ ደኅንነት፦ የግድግዳው 220 ቮልት ሰው ይገድላል። መብራት መኖሩን ለማወቅ ዋናውን መስመር መንካት አያስፈልጋችሁም፤ የ5 ቮልት አስማሚ ሰክታችሁ ውጤቱን ማንበብ ይበቃል። የግድ ከ220 ቮልት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን ሳይኖር አትንኩ፤ ሌሊት በመኝታ ክፍል ፈጽሞ አትሞክሩት።

7. ፈትኑ፣ መዝግቡ፣ ያልሠራውንም ጻፉ

አሁን በሁለተኛው ደረጃ ከየቁጥሩ ጎን ወደጻፋችሁት መፈተኛ ተመለሱ።

የሙቀት መለኪያን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ንጹሕ በረዶ ድቅቅ አድርጋችሁ፣ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ አማስሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ 0 ዲግሪ ይሆናል። ለክትባት ማቀዝቀዣ ከሁሉም የሚበልጥ ማመሳከሪያ ይህ ነው። የፈላ ውኃን እንደ 100 ዲግሪ የወሰዱ ተማሪዎች ግን ሴንሰራቸው የተበላሸ መስሏቸው ሁለት ቀን ተጨነቁ። ሴንሰሩ ደህና ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ 94 ገደማ ይሆናል። መጽሐፉ 100 የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው።

የባትሪውን ሒሳብ ደግሞ እንዲህ አስቡት። መሣሪያው ከ12 ቮልት ባትሪ በአማካይ 90 ሚሊአምፔር ይስባል እንበል። ለ48 ሰዓት 4.32 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ተራ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከአቅሙ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ስለዚህ 8.64 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ይፈለጋል። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው 7 አምፔር ሰዓት አይበቃም። ትልቅ ባትሪ ከመግዛት በፊት ፍጆታውን ተመልከቱ። የማሳያውን መብራት ሰው ሲነካው ብቻ እንዲበራ ቢያደርጉትና አማካዩ ወደ 60 ሚሊአምፔር ቢወርድ፣ 2.88 ይሆናል፤ እጥፉ 5.76 ነው፤ 7 ይበቃዋል። ይህ ግን ሒሳብ ነው። መሣሪያውን ከመብራት ነቅላችሁ፣ ተራ ገብታችሁ፣ 48 ሰዓቱን ሙሉ ጠብቁ፤ በየሁለት ሰዓቱ ቮልቴጁን መዝግቡ። ወደ ሪፖርቱ የሚገባው ይህ ሠንጠረዥ ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ያልተሳካው ፈተናም ይግባ። ከ20 መልእክት 18 ብቻ ከደረሰ 18 ጻፉ፤ ሁለቱ ለምን እንዳልደረሱ የደረሳችሁበትን አስረዱ። እንደ ፈታኝ ስቀመጥ ሁሉም ነገር 100 በመቶ የሆነበትን ሪፖርት ሳነብ ጥያቄዬ ይበዛል፤ ሁለቱን የጎደሉ መልእክቶች ተከታትሎ መንሥኤውን ያገኘ ቡድን ግን መሐንዲስ እንደሆነ አውቃለሁ።

8. ሪፖርቱና የማቅረቢያው ቀን

ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ከጻፋችሁት እዚህ ብዙ ሥራ አይቀርም፤ የመገናኛ ገጾቹ፣ ቃለ ጉባኤዎቹና የፈተና ሠንጠረዦቹ ግማሹን ሞልተውታል። ከሌላ ጽሑፍ ቀድታችሁ አታስረዝሙት።

ለገለጻው ሦስት ቀን ቀድማችሁ፣ በሚቀርብበት ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሶኬትና ፕሮጀክተር ተለማመዱ። የሞባይል አውታሩ በክፍሉ ውስጥ እንደሚደርስ አረጋግጡ፤ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሕንፃ ብዙ ጊዜ ያደናቅፋል። መሣሪያው ሲሠራ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በላፕቶፕ ላይ ይኑር። ፈታኞቹ ፊት ሴንሰሩን ጨው በተቀላቀለበት በረዶ ውስጥ (ንጹሕ የሚቀልጥ በረዶ 0 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ገደቡን አያልፍም) ክተቱትና መልእክቱ በፈታኙ ስልክ ላይ እንዲደርስ አድርጉ፤ ለዚህ ቀን ብቻ 60 ደቂቃውን ወደ አንድ ደቂቃ ዝቅ ማድረጋችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማንኛውም ጥያቄ ለማንኛችሁም ሊመጣ ይችላል። በዋዜማው ባለቤትና ምክትል ቦታ ተለዋውጡና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ የኃይል ምንጩ ባለቤት ስለ ዩሲኤስ2 ማስረዳት ከቻለ ተዘጋጅታችኋል።

9. ርክክብ

ውጤት ከተሰጠ በኋላ አንድ ሳምንት አላችሁ እንበል። ፕሮግራሙን፣ የሰሌዳውን ፋይል፣ የመገናኛ ገጾቹንና የዕቃ ዝርዝሩን ከነዋጋው በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ ለትምህርት ክፍሉ አስረክቡ። የተረፉትን ሴንሰሮችና ሞጁሎች በሣጥን አድርጋችሁ፣ በላዩ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይታችሁ ጽፋችሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ተዉላቸው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ። መሣሪያው እዚያ እንዲቆይ ኃላፊዎቹ ከፈቀዱ፣ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደሚሆንና ሒሳቡን ማን እንደሚሞላ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ባትሪው መቼ እንደሚቀየር በሣጥኑ ላይ ለጥፉ። ካልፈቀዱም ሄዳችሁ ያገኛችሁትን የሌሊት ሙቀት መዝገብ ለነርሷ አሳዩአት፤ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ስታነብ ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ የምታውቀው ከእናንተ ነው።